ሳይክል በአዋሽ ሸለቆ፦ በአዋሽና በሰመራ ዙሪያ በጠጠር መንገድ ለሚነዱ

ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት ለሳይክል የተመቸ ይመስላል። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰመራ ደግሞ ከ450 ሜትር በታች ስለሚገኙ መንገዱ በጥቅሉ ቁልቁለት ነው። ይህን አይቶ «በአራት ቀን ጥርግ አደርገዋለሁ» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አይሞክሩት እላለሁ። አስፋልቱ የጅቡቲ መስመር ነው፤ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለሰው በዚሁ ስለሆነ ተሳቢው ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። ሁለት ተሳቢ ሲተላለፉ ለሳይክል የሚተርፍ ቦታ የለም።

የሸለቆው መልካም መንገድ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው ነው። የእርሻ ቦይ ተከትሎ የሚሄድ ጠጠር፣ የፓርክ ፒስታ፣ የግመል ዱካ፣ በወንዙ ዳር ጫካ ውስጥ የሚሽሎከለክ ጠባብ መንገድ ሞልቷል። ስለዚህ ጉዞውን እንዲህ ያቅዱ፦ ሁለት ሦስት ቀን አዋሽ ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን ይንዱ፤ ከዚያ ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ ጭነው መካከሉን ይሻገሩ፤ የቀረውን ቀን ሎጊያና ሰመራ ላይ አርፈው ወደ ዱብቲና አሳይታ ይንዱ።

የአገራችን የብስክሌት ስም የተሠራው አስፋልት ላይ ነው። ገረመው ደንቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደረው፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው በአስፋልት ውድድር ነው። በጠጠር መንገድ ሳይክል መንዳት በዓለም ላይ እንደ ራሱ ስፖርት መታየት የጀመረው በቅርቡ ነው፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ተካሂዷል። አፋር ላይ ግን ዋንጫም ሰዓት ያዥም የለም፤ ትግሉ ከፀሐይና ከእሾህ ጋር ነው። ለሁለቱ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው በሌላው ብዙ አይቸገርም።

መጀመሪያ ወሩን ይምረጡ

የአፋር አርብቶ አደር ዓመቱን በራሱ መንገድ ይከፍለዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ዋናው ዝናብ ካርማ ነው። ከእሱ በኋላ ቀዝቀዝ ያለው ደረቅ ወቅት ጊላል ይገባል። በመጋቢትና በሚያዝያ ትንሹ ዝናብ ሱጉም ይመጣል፤ ቀጥሎ ግንቦትና ሰኔን የሚያነደው ሐጋይ አለ። ለሳይክል የሚሆነው ጊላል ብቻ ነው፤ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ፣ ቢበዛ እስከ የካቲት አጋማሽ።

በሐጋይ ሰመራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ነፋሱም ትኩስ ስለሆነ ሲነዱ አያበርድም፣ ይልቁንም ያደርቃል። በካርማ ደግሞ ሙቀቱ ሳይለቅ ጎርፍ ይጨመራል። እርስዎ ባሉበት ጠብ ሳይል ደጋ ላይ የዘነበው ውኃ በደረቁ ወንዝ ድንገት ይወርዳል። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ የአዋሽ ወንዝ ከአፉ ሞልቶ አሚባራንና አሳይታን ጨምሮ ብዙ ወረዳዎችን አጥለቅልቆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅሏል። ጎርፉ ያለፈበት የእርሻ መንገድ ሲደርቅ ደግሞ የተሽከርካሪ ጎማ የቦረቦረው ጭቃ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይቀራል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ቢቸኩሉ እንኳ መንገዱ አስተካካይ ግሬደር እስኪያገኝ ወይም መኪና እስኪደለድለው መታገሥ ይሻላል።

ወሩ ጊላል ሆኖ ሳለ ረመዳን የሚገጥምበት ዓመት አለ። ያን ጊዜ በትንንሾቹ መንደሮች ቀን ላይ ሻይ ቤትም ምግብ ቤትም ዝግ መሆኑን ያስቡ፤ ስንቅዎን ከከተማ ይዘው ይውጡ፤ ሰው ፊት አይብሉ፣ አይጠጡ።

ሰዓቱ ከርቀቱ ይበልጣል

እዚህ የጉዞ ዕቅድ በኪሎ ሜትር አይወጣም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሱ፤ ሻይዎን ጠጥተው መሬቱ ሲለይ፣ 12 ሰዓት ላይ ይውጡ። የትም ይድረሱ የት፣ 2 ሰዓት ላይ መልሰው ይዙሩ። 4 ሰዓት ላይ ጥላ ውስጥ መሆን አለብዎት። ይህ ሕግ ጨካኝ ይመስላል፤ «ትንሽ ልቀጥል፣ ፏፏቴው ቅርብ ነው» የሚል ሐሳብ የሚመጣው ደግሞ ልክ 2 ሰዓት ላይ ነው። ሲሄዱ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጉልበቱም አዲስ ነበር፤ ሲመለሱ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ያው መንገድ በመልሱ ረጅም ይሆናል።

ባልተደለደለ ጠጠር ላይ መካከለኛ ነጂ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን ደርሶ መልስ 25 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ብርድ ትናንት ወጥቶ ዛሬ 50 ኪሎ ሜትር መንዳት ራስን መጉዳት ነው። አመሻሽ ላይ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ለአንድ ሰዓት ቀለል ያለ ዙር ማድረግ ይቻላል። ጨለማ ውስጥ ግን አይንዱ። ከጅቡ ይልቅ የሚያሰጋው መብራቱን የለቀቀ ተሳቢና የሚመጣውን ሰው መለየት ያልቻለ ጠባቂ ነው።

ሳይክሉ

ውድ ሳይክል አያስፈልግም፤ በአገር ውስጥ ዕቃው የሚገኝ ሳይክል ነው የሚያስፈልገው። 26 ቁጥር ጎማ ያለው የተራራ ሳይክል ከሁሉ ይሻላል። ካላማዳሪያውና ጎማው በየከተማው ገበያ ይገኛል፤ ራጂው ቢሰበር የሚተካ ሳይክል ሠሪም አይጠፋም። ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ሳይክል እቤት ይቅር። የጎማው ስፋት 2 ኢንች ያህል ይሁን። ጎኑ ያልተሰነጣጠቀ መሆኑን ጨምቀው ይመልከቱ፤ በፈንታሌና በሚሌ በኩል ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠርዙ እንደ ተሳለ ስለሆነ ያረጀ ጎማን የሚቀደው በጎኑ ነው።

አየሩን በጣም አያጥብቁት። ጠጠር ላይ የጠበቀ ጎማ ይዘላል፣ ይንሸራተታል፣ እጅና ወገብንም ይደበድባል። ሳይክሉ ላይ ተቀምጠው ሲያዩት የኋላው ጎማ ትንሽ ሰፋ ካለ ልክ ነው፤ ቸርኬው ድንጋይ ከነካ ግን ጎድሏል። ማለዳ የሞሉት አየር በቀን ሙቀት እስከ አሥር በመቶ ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ ሳይክሉን ፀሐይ ላይ አያቁሙ። በተለጠፈ ካላማዳሪያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ማስቲሹን ያላላዋል።

ካቴናውን በወፍራም ግሪስ መቀባት የደጋ ልማድ ነው። የአፋር አቧራ ዱቄት ነው፤ ግሪስ ያገኘ እንደሆነ ሊጥ ሆኖ ጥርሱን ይበላዋል። ጥቂት ቀጭን ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ ያድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ በጨርቅ ደህና አድርገው ይጥረጉ፤ ውጪው ደረቅ ይመስል። ማታ ማታ ይድገሙት። ቡሎኖቹን፣ በተለይ የመሪውንና የኮርቻውን፣ በየጠዋቱ ይፈትሹ፤ ኮረኮንች ያላላቸዋል።

እሾሁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ።

በሸለቆው ጫካ የሚባለው አብዛኛው ዛሬ ፕሮሶፒስ ነው፤ ሰዉ ወያኔ ዛፍ የሚለው። በደርግ ዘመን በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያና ለማገዶ ተብሎ የተተከለ መጤ ተክል ነው፤ ዛሬ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። እሾሁ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ደርቆም ጥንካሬውን አይለቅም። የሾለው ጫፉ በጎማው በኩል ገብቶ ካላማዳሪያውን ከወጋ በኋላ እላይ ስለሚቆረጥ ከውጭ ቢፈልጉት አይታይም።

የሚከማችበትን ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቃልላል። ፍሬውን ግመል፣ ከብትና ፍየል ይበሉታል፤ ዘሩም በፋንድያቸው ተዘርቶ ይበቅላል። ስለዚህ ወደ ውኃ የሚወርደው የከብት መንገድ ግራና ቀኙ በፕሮሶፒስ የታጠረ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ከሰል አክሳዮች ያለፉበት ነው። የቆረጡትን ቅርንጫፍ እየጎተቱ ስለሚሄዱ መንገዱ ላይ የቀረው እሾህ ብዙ ነው። የከሰል ጆንያ ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ ካዩ ወዲያው ወርደው ሳይክሉን ተሸክመው ይለፉ። ብዙ ሰው እየነዳ ሊያልፍ ይሞክርና ሁለቱን ጎማ ባንዴ ያስተነፍሳል። መኪና የሚሄድበት መንገድ ከሆነ የመኪናው ጎማ በደለደለው መስመር ይንዱ፤ የተረፈው እሾህ ያለው በመካከልና በዳር ነው። ሲያርፉ ሳይክሉን ከቁጥቋጦ ጋር አያስደግፉት።

መከላከያው ቀላል ነው። ያረጀ የሳይክል ጎማ ይፈልጉ፤ ጠርዙን በቢላ ቆርጠው ይጣሉና መሬት የሚነካውን ቀበቶውን ብቻ ከጎማዎ ውስጥ፣ ከካላማዳሪያው በላይ ያንጥፉት። የሁለቱ ጫፍ መጋጠሚያ ካላማዳሪያውን እንዳይፈትግ ጠርዙን በቢላ ሰያፍ አድርገው ያሳሱት። ሳይክሉ ይከብዳል፤ ይክበድ። ውጭ አገር የጠጠር ነጂዎች ካላማዳሪያ ትተው በጎማው ውስጥ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨምራሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሙቀት ፈሳሹ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲያልቅም ሎጊያ ላይ የሚተካ አያገኙም።

ከከተማ ሲወጡ ሁለት ሙሉ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ ላስቲክ፣ ሁለት ትንንሽ ማስቲሽ (አንዴ የተከፈተ በዚህ አየር ይደርቃል)፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የእጅ መንፊያና ፒንሳ ይያዙ። ጎማው ሲተነፍስ፦

ካላማዳሪያውን ሲያወጡ ቫልቮላው ከጎማው ጋር የት ላይ እንደነበር ልብ ይበሉ፤ ቀዳዳው ሲገኝ እሾሁ ያለበትን ቦታ ከዚያ ቆጥረው ያገኙታል። ቀዳዳውን ለመፈለግ የሚጠጣ ውኃ አያፍስሱ። በደንብ ነፍተው ወደ ከንፈርዎ አስጠግተው ቀስ እያደረጉ ያዙሩት፤ ከንፈር ከጆሮ ቀድሞ ትንፋሹን ይሰማዋል። ከዚያ፣ አዲሱን ካላማዳሪያ ከመክተትዎ በፊት፣ እሾሁን ይንቀሉ። በጣት አይዳብሱ፣ ይወጋል። የነጠላ ወይም የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ በጎማው ውስጠኛ ክፍል ላይ ዙሪያውን ያንሸራቱ፤ እሾሁ ያለበት ላይ ሲደርስ ክሩ ተይዞ ይቀራል። አንዱን ስላገኙ አያቁሙ፤ ሁለት ዙር ያድርጉ። ጫፉን ከውጭ በኩል ገፍተው፣ ከውስጥ በፒንሳ ይዘው ያውጡት። አዲሱን ካላማዳሪያ ትንሽ ነፍተው ክብ ካደረጉት በኋላ ይክተቱ፤ እንዳይጣመም። የተበሳውን መንገድ ላይ አይለጥፉ፣ ማደሪያዎ ሲደርሱ ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ሲል ይለጥፉት፤ ማስቲሹ ላዩ ደርቆ በጣት ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቆ መለጠፍ ነው ሚስጥሩ።

እሾህ ተሰክቶ አይተው አየሩ ካልጎደለ ደግሞ እዚያው አይንቀሉት። ብዙ ጊዜ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ይዞታል። መለወጫው በእጅዎ ሆኖ ጥላ እስኪያገኙ ይተውት።

አዋሽና ሎጊያ ላይ ለተሳቢዎች የሚሠራ ጎሚስታ በየመንገዱ ዳር አለ፤ አየር ቢጎድል ይሞሉልዎታል። ነገር ግን መጭመቂያው ለከባድ መኪና የተዘጋጀ ነው፤ የሳይክል ካላማዳሪያን በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳዋል። «በጣም በትንሹ» ብለው አፉን ራስዎ ይያዙ።

ውኃና ጨው

በሞቃት ሰዓት በሰዓት አንድ ሊትር ይቁጠሩ፣ ከዚያ ላይ ለመጠባበቂያ ሁለት ሊትር ይጨምሩ። ለማለዳ ጉዞ ስድስት ሊትር መያዝ የተለመደ ይሁን። ከጠርሙሶቹ አንዱን በተነከረ ካልሲ ጠቅልለው ቢያስሩት ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ውኃ ብቻ መጠጣት ግን ይበቃል ማለት አይደለም፤ ላብ ጨውን ይዞ ይወጣል። ከፋርማሲ ለምለም ገዝተው በአንድ ጠርሙስ በጥብጠው ይያዙ፤ ካጡ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሠራል። ጨው ችግር አይሆንም፤ የአገሪቱ ወጥ የሚጣፍጠው በዚሁ ክልል በአፍዴራ ጨው ነው።

ለስንቅ በሶና ቴምር የሚበልጠው የለም። ሥጋና ቅቤ ከጉዞው በኋላ ይሁን።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ ማቆም፣ በሙቀት መካከል ብርድ ብርድ ማለት፣ ንግግር መወላገድ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉዞው አበቃ። ሕመምተኛውን ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ልብሱን ያላሉለት፣ ራሱና አንገቱ ላይ ውኃ ያፍስሱለት፣ መኪና አስቁመው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ብቻዎን አይንዱ የምለውም ለዚህ ነው፤ በሙቀት የተመታ ሰው መመታቱን አያውቅም።

ወደ ወንዙ አይግቡ። አዋሽ አዞ አለበት፤ ፍል ውኃዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ ናቸው ብለው አይዘናጉ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቀው ብቻ ይግቡ። ወባም አለ፤ ማታ አጎበር ያለው አልጋ ይጠይቁ።

እንዴት ይነዳል?

ልቅ ጠጠር ላይ መሪውን አንቀው አይያዙ፤ ክርንዎን አጥፈው ሳይክሉ ከሥርዎ ትንሽ እንዲወዛወዝ ይተውት። በመታጠፊያ ላይ ፍሬን አይያዙ፣ ፍሬኑ ከመታጠፊያው በፊት ያበቃል። የፊቱን ፍሬን ጠጠር ላይ በድንገት መያዝ ይጥላል። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ ሲሆን (ከእርሻ ወደ አስፋልት የሚወጣው መንገድ ሁሉ እንዲህ ነው) ከኮርቻው ብድግ ብለው ዳር ዳሩን ይፈልጉ፤ ዳር ከሌለ ቀስ ይበሉ።

የደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ከመድረስዎ በፊት ማርሹን ቀለል ያድርጉ፣ ክብደትዎን ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ፔዳሉን አያቋርጡ፣ መሪውንም አያዙሩ። ካቆመዎት ወርደው ይግፉ። ሦስት ሜትር ለመንዳት መታገል የግማሽ ሰዓት ውኃ ያስጨርሳል።

ሰው፣ ግመልና ዳጉ

አፋር ላይ ስለ መንገድ ከካርታ በላይ የሚያውቀው ዳጉ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ወይም ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፦ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ የት ጠብ ተነሣ። ወሬው እውነት መሆን አለበት፤ ሐሰት ያወራ ይዋረዳል። ስለዚህ እረኛ ሲያገኙ እጅ ብቻ አውለብልበው አይለፉ። ወርደው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ መጀመሪያ እርስዎ ከየት እንደመጡና ምን እንዳዩ ይንገሩ፤ ከዚያ ወደፊት ያለውን ይጠይቁ። አማርኛ በከተሞቹና በአስፋልቱ ዳር ይሠራል፤ ከዚያ ራቅ ካሉ አፋርኛ የሚችል የአካባቢ ልጅ አብሮዎት ይንዳ። ሳይክል ያለው ወጣት በአዋሽም በሎጊያም አይጠፋም፤ የቀን አበሉን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ይህ ለወግ ብቻ አይደለም። ከገዋኔ ወደ ሚሌ ባለው መስመር፣ በአዳይቱና በእንዱፎ አካባቢ፣ በአፋርና በሶማሌ ኢሳ መካከል ለዓመታት ሲያገረሽ የኖረ ግጭት አለ። መካከሉን በአውቶቡስ ይሻገሩ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። በሌላውም ቦታ ከከተማ ከመውጣትዎ በፊት ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ወዴት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ይንገሩ። ጠመንጃ የያዘ ወይም ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ የታጠቀ ሰው ሲያዩ አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ከብት ጠባቂ ነው። ድልድይ፣ የጦር ካምፕና ፍተሻ ፎቶ አያንሱ፤ ሰውንም ሳያስፈቅዱ አያንሱ።

ግመል ሳይክልን አይወድም፤ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው ስለሚመጣበት ይበረግጋል። ከሩቅ ድምፅዎን ያሰሙ፣ ወርደው ከነፋሱ በታች ባለው ዳር እየገፉ ይለፉ። የጫነ ግመል ካስበረገጉ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ከጉድጓድም ሆነ ከበርሜል ውኃ ሲፈልጉ አይቅዱ፣ ይጠይቁ። ልብሱ ሰፋ ያለ፣ እጀ ሙሉና እግር ሙሉ ይሁን፤ ከፀሐይም ይከላከላል፣ ለአካባቢው ወግም ይስማማል። ለሴት ነጂ ሻሽ ቢጨመርበት አቧራውንም ያግዳል።

የት ይነዳል?

በአዋሽ በኩል የመጀመሪያው ምርጫ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በር ላይ ከፍለው፣ በሳይክል መግባት እንደሚፈልጉ ተናግረው፣ ፈቃድና ስካውት ይጠይቁ፤ አንበሳም ነብርም ያለበት ፓርክ ስለሆነ ያለ ስካውት አይገባም። ከበሩ ወደ ፏፏቴው የሚወስደው ፒስታ የኢላላ ሳላን ሜዳ ያቋርጣል፤ ጠፍጣፋ፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ ማለዳ ላይ ሳላ በመንጋ የሚታይበት ነው። ሳላውን አያባሩ፤ ቀንዱ ለጌጥ አይደለም። በስተሰሜን በፈንታሌ በኩል ወዳለው ፍል ውኃ የሚሄደው መንገድ በዘምባባው ምክንያት ውብ ነው፤ ነገር ግን ድንጋያማና ረጅም በመሆኑ በአንድ ማለዳ ደርሶ መልስ አይበቃም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ መንገድና ሜዳ ተሰነጣጥቋል፤ ስካውቱን የትኛው መንገድ ደህና እንደሆነ ሳይጠይቁ ወደዚያ አይሂዱ።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው የአሚባራን የቦይ ዳር መንገድ ነው። ከአዋሽ አርባ አልፎ መልካ ሰዲና መልካ ወረር ላይ የጥጥ እርሻው በመስኖ ቦይ የተከፋፈለ ነው፤ ቦዩን ተከትሎ የተደለደለው ጠጠር ቀጥ ያለ፣ ዛፍ ያለበት፣ መኪና የማይበዛበት ነው። ከእርሻው ጽሕፈት ቤት ወይም ከጥበቃው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይከለክሉም። ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ያለው የአላይደጌ ሜዳ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ቀጥ ያለ የሣር ሜዳና የግሬቪ የሜዳ አህያ። አድማሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያለ መሪ ይጠፋሉ።

ከዚያ አውቶቡስ። ከአዋሽ ወደ ሎጊያ የሚያልፈውን ማለዳ ይያዙ። ፔዳሉን ይፍቱ፣ መሪውን ያዙሩ፣ ጎማውን ትንሽ ያስተንፍሱ፣ ማርሽ መለወጫውን በጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሲታሰር ራስዎ ይቁሙ። የጭነቱን ዋጋ ከረዳቱ ጋር ከመጫንዎ በፊት ይስማሙ። በመስኮት በኩል ይቀመጡ፤ ከገዋኔ አጠገብ የአያሉ ተራራ፣ ወደ ሚሌ ሲጠጉ ደግሞ በዱር አህያው የሚታወቀው የያንጉዲ ራሳ ሜዳ ይታያል።

በሰመራ በኩል ማደሪያው ሎጊያ ቢሆን ይሻላል፤ ገበያው፣ ጎሚስታውና ምግቡ እዚያ ነው፤ ሰመራ የቢሮና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከሎጊያ ወደ ዱብቲ ያለው አጭር መንገድ ለመጀመሪያ ማለዳ ይበቃል፤ የድሮው የተንዳሆ እርሻ ቦዮች እዚያም አሉ። ሁለተኛው ማለዳ ወደ አሳይታ ይሁን። ክልሉ ዋና ከተማውን ወደ ሰመራ ከማዛወሩ በፊት መቀመጫው አሳይታ ነበረች፤ ሳይክሉን እስከዚያ በመኪና ወስደው በወንዙ ዳር በእርሻና በዘምባባ መካከል መንዳት ነው። አዋሽ ከዚህ በታች ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ወደ ሐይቁ ግን በሳይክል አይሞክሩ። ሉሲ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችበት ሃዳርም ከዚህ ብዙ አይርቅም ብለው አይነሡ፤ ፈቃድ፣ መኪናና መሪ የሚጠይቅ ነው።

ጽሑፉን የሚያነቡት በግንቦት ከሆነ ካላማዳሪያውን ገዝተው ያስቀምጡ፣ እስከ ኅዳር ይቆዩ።